ጎርፉ ከየት ይነሣል? የውሃ ጥናት ዓለም አቀፍ ትብብርና የረጅም ጊዜ ልኬት ዋጋ

በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ከየትኛው የመሬት ክፍል እንደሚነሣ መናገር ቀላል ይመስላል። ዝናቡ ዳገቱን ይመታል፤ ውሃው ቁልቁል ይንደረደራል፤ አፈሩንም ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ለብዙ ዓመታት የታቀደው በአብዛኛው በዚህ ግንዛቤ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ዳገቱ ከተገታ ጎርፉም ይገታል ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም በኢትዮጵያ ደጋ በሚገኙ ሦስት ትንንሽ ተፋሰሶች የተሰበሰበ የብዙ ዓመታት ልኬት ቆይቶ እንደገና ሲመረመር፣ ከዚህ ግንዛቤ ጋር በቀላሉ የማይስማማ ውጤት ተገኝቷል።

ውጤቱ የአንድ ተመራማሪ ወይም የአንድ ተቋም አይደለም። ልኬቱን የጀመሩት ኢትዮጵያውያንና ስዊዘርላንዳውያን ባለሙያዎች ናቸው፤ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ከመረመሩት መካከል ደግሞ በባሕር ዳር የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ከአሜሪካ የመጡ መምህራኖቻቸው ይገኙበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅብብል እንዴት እንደ ተካሄደ፣ ምን እንዳስገኘና በውሃና በአየር ንብረት ጥናት ለሚደረግ ትብብር ምን እንደሚያስተምር ማብራራት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርምር ጣቢያዎቹ አመሠራረት

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረሃብ በኋላ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሰፊ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻ ተጀመረ። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር አማካይነት ገበሬዎች የድንጋይና የአፈር እርከን ሠሩ፤ በተራቆቱ ተራሮች ላይም ችግኝ ተከሉ። ሥራው ግዙፍ፣ የሚፈስበትም ጉልበት ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን በምን ያህል ዝናብ ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ፣ እርከኑስ ከዚያ ምን ያህሉን እንደሚያስቀር በአገር ውስጥ በተወሰደ ልኬት መመለስ አስቸጋሪ ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን መሠረቱ። ገንዘቡ በዋናነት ከስዊዘርላንድ መንግሥት የተገኘ ሲሆን፣ ሥራውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት የጂኦግራፊ ምሁሩ ሃንስ ሁርኒ ነበሩ። የመጀመሪያው ጣቢያ በደሴ አቅራቢያ በሚገኘው በማይባር ተቋቋመ። ቀጥሎም በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ እንዲሁም በኤርትራ አፍደዩ ጣቢያዎች ተከፈቱ።

የቦታዎቹ ምርጫ የታሰበበት ነበር። አንዲት ጥድ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳማ ደጋ ነው። አንጀኒ ደግሞ በ2,400 እና በ2,500 ሜትር መካከል የሚገኝ ዝናብ የማይነፈገው የእርሻ አገር ነው። የማይባር ውሃ ወደ ቦርከና፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ተፋሰሶቹ እጅግ ትንንሽ ናቸው፤ የማይባርም የአንጀኒም ስፋት 113 ሄክታር ያህል ነው። ትንሽነታቸው ለምርምሩ ጠቃሚ ነበር፤ በአንድ ኮረብታ ላይ የወረደው ዝናብና በግርጌው የሚወጣው ውሃ በአንድ ሰው ዓይን ሊታዩ፣ በአንድ መዝገብም ሊነጻጸሩ ይችላሉና።

ልኬቱ እንዴት ይወሰድ ነበር?

በእያንዳንዱ ጣቢያ የዝናብ መለኪያ፣ በተፋሰሱ መውጫ ላይ የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲሁም በተለያየ ተዳፋት ላይ የታጠሩ የመሞከሪያ መደቦች ነበሩ። ከመደቦቹ የሚወርደው ውሃና አፈር ከግርጌያቸው በተቀመጠ ማጠራቀሚያ ይያዝና ይለካል። መሣሪያው ግን ሁሉንም አይሠራም ነበር። በተለይ በወንዙ ውስጥ ያለውን የደለል መጠን ለማወቅ በስፍራው የሚኖር፣ ሥራውን የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

አሠራሩ የሚከተለው ነበር። ዝናብ ጥሎ የወንዙ ውሃ መደፍረስ ሲጀምር ታዛቢው ወንዝ ወርዶ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል። ውሃው ቡናማ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ በየ10 ደቂቃው መቅዳቱን ይቀጥላል፤ መጥራት ሲጀምር ልዩነቱን ያሰፋል፤ ሲጠራ ያቆማል። ናሙናው ተጣርቶና ደርቆ ይመዘናል፤ ክብደቱም ከሰዓቱና ከወንዙ ከፍታ ጋር ይመዘገባል። ይህ የተከናወነው ለአንድ ወይም ለሁለት ክረምት ብቻ አይደለም። የኋላኞቹ ተመራማሪዎች የተጠቀሙባቸው የወንዝ ደለል አሃዞች በዝናብ ጊዜ ወንዝ በወረዱ በእነዚህ የአካባቢው ሰዎች እጅ የተቀዱ ናቸው፤ ስማቸው ግን በሳይንሳዊ መጽሔቶች ላይ ከደራሲዎቹ ተርታ እምብዛም አይገኝም።

ጎርፍ የሚፈጠርባቸው ሁለት መንገዶች

መዝገቡ ያመጣውን ውጤት ለመረዳት በውሃ ጥናት ውስጥ የቆየ አንድ ክርክር ማወቅ ይጠቅማል። አፈርን በእንስራ መመሰል ይቻላል። አንገቱ ጠባብ በሆነ እንስራ ውስጥ ውሃ በኃይል ሲገለበጥበት ሆዱ ባዶ ቢሆንም ከአፉ ላይ ይፈስሳል፤ ምክንያቱም ውሃው የመጣበት ፍጥነት አንገቱ ከሚያስገባው በልጧል። ሁለተኛው እንስራ ግን አስቀድሞ የሞላ ነው፤ ውሃው በዝግታም ቢጨመር መፍሰሱ አይቀርም።

የመጀመሪያውን መንገድ አሜሪካዊው የውሃ ሊቅ ሮበርት ሆርተን በ1930ዎቹ በሰፊው አብራርተውታል። የዝናቡ ጥንካሬ አፈሩ ሊያሰርግ ከሚችለው ሲበልጥ ትርፉ በገጸ ምድር ላይ ይፈስሳል። ሁለተኛውን መንገድ ቶማስ ደንና ሪቻርድ ብላክ በ1970 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካዋ የቨርሞንት ግዛት በተወሰደ የመስክ ልኬት አስረድተዋል። በዚህ መንገድ ጎርፉ የሚነሣው ከመላው መሬት ሳይሆን ውሃ ጠግቦ ከሞላው ክፍል ብቻ ነው፤ ይህም በአብዛኛው የኮረብታ ግርጌና የወንዝ ዳር ነው። የጠገበው ክፍል ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ይሰፋል፤ በበጋ ደግሞ ይጠባል።

ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ጎርፍን ለመገመት በብዛት የሚያገለግለው የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ዘዴ ለእያንዳንዱ የአፈርና የመሬት አጠቃቀም ዓይነት አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሮቹ በመጀመሪያ የተዘጋጁት በአሜሪካ ተፋሰሶች ላይ በተወሰደ ልኬት ነው። ዘዴው ቀላል ስለ ሆነ በብዙ የኮምፒውተር ሞዴሎች ውስጥ ገብቷል፤ በሞዴሎቹም በኩል ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። በተለመደው አጠቃቀሙ ግን ጎርፉን የሚወስነው በዋናነት የአፈሩና የሽፋኑ ዓይነት ነው፤ ቦታው ከኮረብታው አናት ላይ ይሁን ከግርጌው በቂ ክብደት አይሰጠውም። ዝናቡ በጥቂት ወራት ተጠቃሎ በሚወርድበት አገር ይህ ዘዴ ምን ያህል ይሠራል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው በዚያው አገር የተወሰደ ልኬት ነው።

መዝገቡ የሰጠው ምላሽ

በ2007 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተቀናጀ የተፋሰስ አያያዝ የጋራ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመሩ። የትምህርቱ ልዩ ባሕርይ ቦታው ነበር። ተማሪዎቹ ወደ አሜሪካ በመሄድ ፈንታ መምህራኑ ወደ ባሕር ዳር ይመጡ ነበር፤ የመመረቂያ ጥናቱም በአገር ውስጥ ተፋሰሶች ላይ ይካሄድ ነበር። ከኮርኔል በኩል በዚህ ሥራ ሰፊ ድርሻ የነበራቸው ፕሮፌሰር ታሞ ስቲንሃውስ በሙሌት የሚፈጠር ጎርፍን ለረጅም ጊዜ ያጠኑ ምሁር ናቸው።

በዚሁ ትብብር ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የአንዲት ጥድን፣ የአንጀኒንና የማይባርን የቆየ መዝገብ መረመሩ። በ2008 የታተመው ጥናት ያሳየው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። በክረምቱ መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብ ወደ ወንዙ የሚያደርሰው ውሃ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በደረቀው አፈር ውስጥ ይቀራል። ከዝናቡ ላይ በትነትና በዕፅዋት በኩል ወደ አየር የሚመለሰው ሲቀነስ፣ የተጣራው ውሃ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ተደምሮ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ከሚጨመረው የተጣራ ውሃ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይወጣል። ከፍታቸውና የዝናብ መጠናቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ሦስቱም ተፋሰሶች ተመሳሳይ ጠባይ ማሳየታቸው ተመራማሪዎቹን ያስገረመ ነበር።

ይህ ሁለተኛውን እንስራ የሚያስታውስ ነው። ወንዙ የሚመልሰው ውሃ የሚወሰነው በዕለቱ ዝናብ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት በወረደው ዝናብ ድምር ነው። በሰኔ የጣለ ዝናብና በነሐሴ የጣለ ዝናብ መጠናቸው እኩል ቢሆንም የሚያስከትሉት ጎርፍ እኩል አይሆንም።

የመስክ ልኬቱም ይህንኑ ደገፈ። በአንዲት ጥድና በማይባር አፈሩ ውሃ የሚያሰርግበት ፍጥነት በብረት ቀለበት ሲለካ፣ በአብዛኛው ጊዜ ከዝናቡ ጥንካሬ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በማይባር የመሞከሪያ መደቦች ደግሞ ከዳገታማዎቹ ይልቅ ለጥ ካሉት የሚወርደው ውሃ ይበልጥ ነበር። በዳገቱ ላይ የወረደው ዝናብ ሰርጎ በአፈሩ ውስጥ ቁልቁል ይጓዛል፤ ግርጌውን ያጠግባል፤ በዚያ ላይ የሚጥለው ተጨማሪ ዝናብም መግቢያ አጥቶ ይፈስሳል። አፈሩ ታጥቦ በሳሳበትና ከሥሩ አለት ወይም ጠጣር ንጣፍ ባለበት ስፍራም ጥቂት ዝናብ ብቻ አፈሩን ስለሚያጠግበው ጎርፍ ቶሎ ይነሣል።

ሌላም ነገር ታየ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ደለል ከፍተኛ የሚሆነው ወንዙ በሚሞላበት በነሐሴ ሳይሆን በክረምቱ መጀመሪያ ነው፤ ማሳው በተደጋጋሚ ታርሶ አፈሩ በላላበትና ሰብሉ ገና ባልሸፈነበት ወቅት ማለት ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው ታዛቢዎቹ ከመጀመሪያው ዝናብ እስከ መጨረሻው በየጊዜው ስለ ቀዱ ነው።

ለጥበቃ ሥራ ያለው ትርጉም

የእርከን ዋና ተግባር ውሃን ገትቶ ማስረግ ነው። ውሃ የጠገበ መሬት ግን ሊያሰርግ አይችልም። ስለዚህ በግርጌው ረግረጋማ ክፍል ላይ ውሃ የሚያቁር እርከን መሥራት የታሰበውን ጥቅም ላይሰጥ ይችላል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ውሃውን በረጋ መንገድ የሚያስወጣ ማፋሰሻና ሥሩ አፈር የሚይዝ ቋሚ ዕፅዋት ሊሆን ይችላል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሚገኘው በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተካሄደ ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አጉልቶታል። ተመራማሪዎች ጠባብ ቱቦዎችን በመሬት ውስጥ ቀብረው የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍታ ሲከታተሉ፣ ውሃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ በሚቆምባቸው ስፍራዎች የቦረቦሩ ግድግዳ እየተናደ እንደሚሰፋ ተረዱ። በዚህ ዓይነት ቦረቦር የሚጠፋው አፈር ከማሳ ከሚታጠበው ብዙ እጥፍ ሊሆን እንደሚችልም አሳይተዋል።

ይህ ማለት እርከን አይጠቅምም ማለት አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየም ተመራማሪዎች በትግራይ ማሳዎች ላይ ባካሄዱት ሌላ የጋራ ጥናት የድንጋይ እርከን በውሃ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። የትግራይ አየር ከጎጃም ይልቅ ደረቅ ነው፤ አፈሩም ድንጋያማ ነው። ሁለቱ ውጤቶች አይቃረኑም። የሚያሳዩት በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን የአንዱ ስፍራ መፍትሔ ለሌላው ሳይመረመር መተላለፍ እንደሌለበት ነው።

ጉዳዩ ከማሳው አልፎ ይሄዳል። ከአባይ ተፋሰስ የሚታጠበው ደለል በታችኛው ተፋሰስ ወደሚገኙ ግድቦች ይደርሳል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ዕድሜው ከሚጠራቀምበት ደለል ጋር የተያያዘ ነው። በክረምት ውስጥ ደለሉ በየትኛው ሳምንትና ከየትኛው የመሬት ክፍል እንደሚመጣ ማወቅ ውሱን የሆነውን የገበሬ ጉልበት የት ማዋል እንደሚገባ ለመወሰን ይረዳል።

ከአየር ንብረት ጥናት ጋር ያለው ግንኙነት

ተመሳሳይ ጥያቄ በአየር ንብረት ጥናትም ይነሣል። የዓለምን አየር ንብረት የሚያሰሉ ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፍላሉ፤ የአንዱ ክፍል ጎን በብዙዎቹ ሞዴሎች መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተራራውም ሸለቆውም እንደ አንድ መሬት ይቆጠራሉ። ሞዴሎቹ የኢትዮጵያ ሙቀት እንደሚጨምር ይስማማሉ። ስለ ዝናብ ግን አንዳንዶቹ ይጨምራል፣ ሌሎቹ ይቀንሳል ይላሉ። ውጤታቸውን ለመመዘንና ወደ አካባቢ ደረጃ ለማውረድ የሚያስፈልገው በመሬት ላይ የተወሰደ የብዙ ዓመታት ልኬት ነው።

የሳተላይት መረጃም ከዚህ አያመልጥም። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት የተባለው ቡድን የአፍሪካን ዝናብ የሚገምተው የደመናን አናት ቅዝቃዜ ከሳተላይት በማየት ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ዝናቡን ራሱን አይደለም፤ እጅግ የቀዘቀዘ ደመና በአንድ ስፍራ ላይ የቆየበትን ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ወደ ሚሊ ሜትር ለመለወጥ በመሬት ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአየር ንብረት ምርምር ተቋም በመተባበር የጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይቱ ግምት ጋር አዋሕደው ከ1983 ጀምሮ ያለውን የአገሪቱን ዝናብ በየአሥር ቀኑ የሚያሳይ መረጃ አዘጋጅተዋል። የዚህ ትብብር ጠቃሚ ገጽታ ውሕደቱ የተሠራው መዝገቡ ባለበት አገር፣ በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ተሳትፎ መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት ለውጭ ተመራማሪዎች በነጻ ከሚደርሱት ጥቂት ጣቢያዎች እጅግ የሚበልጡትን መጠቀም ተችሏል።

የትብብሩ ትምህርት

ከእነዚህ ታሪኮች ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። የምርምር ፕሮጀክት በአብዛኛው የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። የአንድን አካባቢ አየር ንብረት ለመግለጽ ግን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ 30 ዓመት ነው። የስዊዘርላንድ ድጋፍ በ1990ዎቹ ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ወደ ክልል መሥሪያ ቤቶች ተላለፉ፤ በመዝገቡም ውስጥ ክፍተቶች ተፈጠሩ። በ2011 በአዲስ አበባ የውሃና መሬት ሀብት ማእከል ከተቋቋመ በኋላ የቆየውን መረጃ የማሰባሰብና ልኬቱን የማጠናከር ሥራ ተሠርቷል። ያመለጠ ክረምት ግን ተመልሶ አይለካም።

ሁለተኛው የሥልጠና ቦታ ነው። የቆየው መዝገብ አዲስ ትርጉም ያገኘው ተፋሰሱን በእግራቸው የሚያውቁ፣ የአካባቢውን ገበሬ በቋንቋው የሚጠይቁ ተማሪዎች በመረመሩት ጊዜ ነው። ገበሬው በክረምት ከማሳው የትኛው ክፍል ውሃ እንደሚቋጥር አስቀድሞ ያውቃል፤ ተማሪው ይህን እውቀት ከቁጥሩ ጋር ማገናኘት ቻለ። ከውጭ የመጡት መምህራን ደግሞ በሌላ አገር የተፈተነ ንድፈ ሐሳብ ይዘው ስለ መጡ ቁጥሩ ምን ሊል እንደሚችል ለመጠየቅ አስቻሉ። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ውጤት አያገኝም ነበር።

ሦስተኛው የሞዴልና የልኬት ግንኙነት ነው። ሞዴልን ከየትኛውም አገር መዋስ ይቻላል፤ ኮምፒውተርም ሶፍትዌርም ድንበር አያግዳቸውም። በአንጀኒ ወንዝ ውስጥ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት ምን ያህል አፈር እንዳለፈ ግን ከየትም መዋስ አይቻልም። ስለሆነም አዲስ ትብብር ሲታቀድ ለመሣሪያ ግዢና ለጉባኤ ጉዞ ከሚመደበው ገንዘብ ጎን ለታዛቢው ደመወዝ፣ ለመሣሪያው ጥገና እንዲሁም የመዝገቡ ቅጂ በአገር ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያስችል በጀት፣ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ በላይ እንዲዘልቅ ሆኖ አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል።

በእርግጥ የሦስቱ ተፋሰሶች መዝገብ ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። ከ113 ሄክታር የተገኘን ሕግ ወደ ትልቅ ወንዝ ማስፋት የራሱ ችግር አለው፤ የአየር ንብረቱም ሆነ የመሬቱ አጠቃቀም ልኬቱ ከተጀመረበት ጊዜ ወዲህ ተለውጧል። ክረምቱ ዘግይቶ ቢገባ ወይም ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጠቃሎ ቢወርድ ያ 500 ሚሊ ሜትር ገደብ ጸንቶ ይቆይ እንደሆነ የሚነግረን የወደፊቱ ልኬት ነው። ለዚህም ወንዙ በደፈረሰ ቁጥር ጠርሙስ ይዞ የሚወርድ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል።